ቱቦውና ማሽኑ፦ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ደጃፍ ለሚጠብቁ ቤተሰቦች

ከደምቢያ፣ ከጭልጋ፣ ከደባርቅ ወይም ከመተማ በሪፈር የመጣ ሕመምተኛ ጎንደር ላይ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገባ፣ አብረውት የመጡት ዘመዶች ነርስ በወጣ ቁጥር የሚጠይቁት «ዓይኑን ገለጠ ወይ?» ብለው ነው። ጥያቄው ይገባኛል። ሆኖም በመተንፈሻ ማሽን የሚረዳ ሰው ዓይኑን የጨፈነው በሽታው ስለጠናበት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ቱቦውን ችሎ እንዲያርፍ የሚያስተኛ መድኃኒት ተሰጥቶት ይሆናል። ዓይኑን የገለጠ ሁሉም ተሽሎታል ማለት አይደለም። በዚህች ከተማ በጽኑ ሕሙማን ነርስነት ስሠራ ቤተሰቦችን ላስለምዳቸው የምሞክረው ሌላ ጥያቄ አለ፤ «ማሽኑ ከትናንት ይልቅ ዛሬ ምን ያህሉን ሥራ እየሠራለት ነው?» የሚል። ይህን ጠይቆ መልሱን ለመረዳት የሕክምና ትምህርት አያስፈልግም፤ ቱቦው ምን እንደሆነና ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ «ማሽን ከገባ አለቀለት» ስለሚባለው ነገር ልናገር። ቬንቲሌተር፣ ማለትም የመተንፈሻ ማሽን፣ የሚለው ቃል ወደ አብዛኛው ሰው ቤት የገባው በ2012 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያሉትና ሕይወታቸው ያለፈው ሰዎች ቁጥር በየዕለቱ በአንድ መግለጫ ይነበብ ስለነበር፣ ሁለቱ ነገሮች በሰው ልብ ውስጥ ተጣብቀው ቀሩ። ወደ ማሽኑ የሚደርሱት እጅግ የታመሙት ስለሆኑ ከእነርሱ መካከል ብዙዎች መሞታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቷቸው ኦፕሬሽን ከሚደረጉት ሰዎች ብዙዎቹም ያው ቱቦ ገብቶላቸው፣ ያው ዓይነት ማሽን ተንፍሶላቸው፣ ኦፕሬሽኑ እንዳበቃ ወጥቶላቸው ወደ አልጋቸው ይመለሳሉ። ቱቦው እንደነበረ እንኳ የሚያስታውሱት በጉሮሯቸው ላይ በሚቀረው መከርከር ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ማሽኑ ያስፈለገበት ምክንያት ነው። በከባድ የሳንባ ምች የታመመ ሰው ችግሩ ሳንባው ውስጥ ነው። ኦርጋኖፎስፌት የሚባለው ዓይነት ፀረ ተባይ መርዝ ሰውነቱ ውስጥ የገባበት ሰው ሳንባው በአክታ ሊሞላ ይችላል፤ ከዚያም የትንፋሽ ጡንቻዎቹ ሊዝሉ ይችላሉ፤ መርዙ እስኪለቀው ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጡንቻው ይመለሳል። መንጋጋ ቆልፍ የያዘው ሰው ሳንባው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ጡንቻው ግትር ስለሚል ትንፋሽ ያጥረዋል። በመኪና አደጋ ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው ደግሞ ሳንባውም ጡንቻውም ደኅና ሆነው፣ ትእዛዝ የሚሰጠው አንጎል ነው የተጎዳው። ማሽኑ ለአራቱም አንድ ዓይነት ነው፤ የሚጠበቀው ጊዜና ተስፋው ግን ለየቅል ነው። የአንዱ አልጋ ዘመድ ከጎረቤት አልጋ ዘመድ ጋር በኮሪደር ሆኖ «የእናንተ ስንት ቀን ሆነው?» እያለ ሲያወዳድር ባየሁ ቁጥር የምጨነቀው ለዚህ ነው።

ሰው በጤናው ሲተነፍስ አየር ወደ ውስጥ የሚገባው በመሳብ ነው። ከሳንባ ሥር ያለው ድያፍራም የተባለ ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድና የጎድን አጥንቶች ሲከፈቱ ደረት ይሰፋል፤ አየርም ይከተላል። ማሽኑ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ እንደ አንጥረኛ ወናፍ አየሩን ከውጭ ወደ ውስጥ ይገፋል። በሚወጣበት ጊዜ ደረት በራሱ ስለሚኮማተር ማሽኑ መንገድ ከመክፈት ያለፈ ብዙ ሥራ የለበትም። የደከመውን ሰው የሚያሳርፈው ይህ ግፊት ነው፤ ከልክ ካለፈ ሳንባውን የሚጎዳውም ይኸው ግፊት ነው። ማሽኑ በሽታውን አያድንም። ሕመምተኛው የትንፋሽን ድካም ሳይሸከም መድኃኒቱ፣ ጊዜውና የራሱ ሰውነት በሽታውን እንዲታገሉ ቀን ይገዛለታል።

ዘዴው ከኦፕሬሽን ክፍል ወጥቶ በሰፊው የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1952 በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ነበር። የትንፋሽ ጡንቻቸው የሰለለባቸው ሕሙማን ሲበዙና በጊዜው የነበሩት ደረትን ከውጭ የሚስቡ የብረት ሳንባዎች ሲያንሱ፣ ብዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም በአንገት በኩል ቱቦ ገብቶ አየር በከረጢት በእጅ እንዲገፋ ሐሳብ አቀረበ፤ የሕክምና ተማሪዎችም በፈረቃ ቀንና ሌሊት ከረጢቱን ሲጨምቁ ከረሙ። መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ የማሽኑ ባትሪ ከደከመ፣ አምቡ ባግ የሚባለውን በእጅ የሚጨመቅ ከረጢት ይዘን በራስጌው ቆመን የምናደርገው ያንኑ ነው። ቤተሰብ ይህን ቢያይ አይደንግጥ፤ ከረጢቱ እየተጨመቀ እስካለ ድረስ ትንፋሹ አልተቋረጠም።

አሁን ወደ ቱቦው እንምጣ። ለአዋቂ ሰው የሚገባው ቱቦ ለስላሳ ፕላስቲክ ሲሆን የውስጥ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ነው። የሚያስተኛና ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ፣ መብራት ባለው መሣሪያ ምላስ ቀና ተደርጎ፣ በአፍ በኩል በድምፅ አውታሮች መካከል አልፎ ወደ አየር ቧንቧ ይገባል። ጎኑ ላይ በሴንቲ ሜትር የተጻፉ ቁጥሮች አሉት። በአብዛኛው አዋቂ ሰው ጥርስ ወይም ከንፈር አጠገብ ከ20 እስከ 23 ያለው ቁጥር ይታያል፤ እኛም ፈረቃ ስንረካከብ ቱቦው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንዳልተንሸራተተ የምናረጋግጠው ያንን ቁጥር አንብበን ነው። በውስጠኛው ጫፉ ዙሪያ በአየር የሚነፋ ትንሽ ፊኛ አለ፤ ማሽኑ የሚገፋው አየር ተመልሶ በአፍ እንዳያመልጥ ይዘጋል። በጉንጩ በኩል ተንጠልጥላ የምትታየው ጣት የማትሞላ ከረጢት የዚያ ፊኛ ምልክት ናት፤ እርስዋን መንካትም ሆነ መጫን አይገባም።

ሕመምተኛው ድምፅ የማያሰማው ቱቦው በድምፅ አውታሮቹ መካከል ስለሚያልፍ ነው። እያለቀሰ ድምፁ ሳይሰማ ሲቀር «ምላሱ ተያዘ» ብለው የሚደናገጡ እናቶች አሉ። ቱቦው ሲወጣ ድምፁ ይመለሳል፤ ለጥቂት ቀናት ሊጎረንን ይችላል እንጂ።

ዘመዶችን ከእኛ ጋር አብዝቶ የሚያጣላው ግን የእጅ መታሰር ነው። «ወንጀለኛ ነው ወይ?» ተብለን ተጠይቀናል። ግማሽ እንቅልፍ ውስጥ ያለ ሰው የመጀመሪያ ሥራው አፉ ውስጥ ያለውን ነገር መጎተት ነው፤ ፊኛው እንደተነፋ ቱቦውን ቢመዝዘው የድምፅ አውታሮቹ ሊጎዱ ይችላሉ፤ ትንፋሹም እዚያው ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ የእጁ አንጓ በፋሻ ከአልጋው ጠርዝ ጋር በላላ ሁኔታ ይያዛል። መታሰሩን አልወደውም፤ ሕመምተኛውን የበለጠ ሊያስበረግገው ይችላልና። ዘመድ ገብቶ እጁን ይዞ ሊቀመጥ ከቻለና ነርሷም ከፈቀደች ፋሻው ለዚያች ሰዓት ሊፈታ ይችላል። ይህን መጠየቅ መብትዎ ነው።

ስለ ማተብም አንድ ነገር ልጨምር። ቱቦውን የሚይዘው ማሰሪያ በአንገት ዙሪያ ስለሚያልፍ፣ አንዳንዴም በአንገት በኩል የመድኃኒት መስመር ስለሚገባ፣ ማተብ የሚፈታበት ጊዜ አለ። ይህ የሚያስቀይም ነገር መሆኑን እናውቃለን። ሳይቆረጥ እንዲፈታና በእጁ አንጓ ወይም በትራሱ ሥር እንዲሆን አስቀድማችሁ ንገሩን። ጠበልን በተመለከተ ግን መለሳለስ አልችልም፤ ወደ አፍ አይገባም። ሕመምተኛው መዋጥ አይችልም፤ ፊኛውም ፈሳሽን ሙሉ በሙሉ አያግድም፤ አፍ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ቀስ እያለ ወደ ሳንባ ይወርድና ሌላ ምች ሊያመጣ ይችላል። የዘምዘም ውኃም እንዲሁ ነው። እጅን በጠበል አርሶ ግንባሩን መዳሰስ፣ እምነት መቀባት፣ በጆሮው ጸሎት ማድረስ ወይም ቁርኣን መቅራት ግን ምንም አይከለክለውም። በሚያስተኛ መድኃኒት ውስጥ ያለ ሰው ድምፅ ሊሰማ ይችላል፤ ስለዚህ በራስጌው ቆሞ ማልቀስና የቀብር ነገር ማንሣት እንደማይገባ ሁሉ፣ ስሙን ጠርቶ የት እንዳለና ቀኑ ምን እንደሆነ መንገር ይጠቅመዋል።

ወደዚያ ጥያቄ ልመለስና፣ ማሽኑ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ በሦስት ነገሮች ይታወቃል። አንደኛው በመቶኛ የሚሰጠው ኦክስጅን ነው። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶው ኦክስጅን ነው፤ ማሽኑ ከዚያ ጀምሮ እስከ 100 በመቶ ሊሰጥ ይችላል። ትናንት 80 የነበረ ዛሬ 50 ከሆነ ሳንባው እየረዳ ነው፤ 40 እና ከዚያ በታች ሲደርስ ስለ ማላቀቅ መነጋገር ይጀመራል። ሁለተኛው ፒፕ የምንለው፣ አየር ከወጣ በኋላ ሳንባ ውስጥ የሚቀር ግፊት ነው፤ ትንንሾቹ የአየር ከረጢቶች እንዳይጣበቁ ከፍቶ ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ 5 ላይ ይጀመራል፤ ወደ 10 እና ከዚያ በላይ ከወጣ ሳንባው ብርቱ እርዳታ እየፈለገ ነው ማለት ነው። ሦስተኛው ትንፋሹን የሚጀምረው ማን እንደሆነ ነው፤ ማሽኑ ነው ወይስ ሕመምተኛው ጀምሮት ማሽኑ ነው የሚያግዘው? ሐኪሙን እነዚህን ሦስቱን ብትጠይቁት «ደኅና ነው» ከሚል መልስ የተሻለ ታገኛላችሁ።

ደረቱ ትንሽ ትንሽ ብቻ ሲነሣ ዐይተው «ማሽኑ ጠግቦ አይነፋውም» የሚሉ አሉ። ሆን ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የታተመ ትልቅ ጥናት፣ ሳንባቸው በብርቱ ለተጎዳ ሕሙማን በኪሎ 12 ሚሊ ሊትር ከመግፋት 6 ሚሊ ሊትር መግፋት ብዙ ሰው እንደሚያተርፍ አሳየ፤ ከዚያ ወዲህ ትንፋሹ በትንሹ ይሰፈራል። ኪሎውም የሚሰላው ከቁመቱ ተነሥቶ ነው፤ ሰው ስለወፈረ ሳንባው አይሰፋምና።

በጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ የሚያሳየውን ቁጥር አብዝቶ መከታተልም ልብ ያደክማል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል፤ ስለዚህ እዚህ ጤነኛ ሰው እንኳ ጣቱ ላይ 100 ላይታይ ይችላል። ለጽኑ ሕሙማን ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ከ92 እስከ 96 ባለው ይረካሉ። ቁጥሩን 100 ለማድረስ ሲባል ኦክስጅን መጨመር ለሳንባውም አይበጅ፤ ሲሊንደርም በከንቱ ይጨርሳል። ቁጥሩ በድንገት ሲወርድ ደግሞ ብዙ ጊዜ መለኪያው ከጣት ተንሸራቶ ወይም ጣቱ ቀዝቅዞ ነው፤ ሆኖም ያንን የሚወስነው ነርስ ስለሆነ መጥራት ነው።

የማሽኑ ጩኸትም እንዲሁ ነው። ሕመምተኛው ሲያስል፣ ቱቦውን ሲነክስ ወይም አክታ ሲሞላበት ግፊቱ ከፍ ስለሚል ይጮኻል፤ መጋጠሚያው ሲላቀቅ ደግሞ ግፊቱ ስለሚወድቅ ይጮኻል። አክታውን በቀጭን ቱቦ ስንመጥ ፊቱ ይቀላል፤ ያስላል፤ እንባው ይወጣል፤ ሲታይ ያሳዝናል፤ ግን በሰከንዶች ያልቃል፤ ማሳሉም መልካም ምልክት ነው። የራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ማለት፣ የአፉ መጽዳትና በየሁለት ሰዓቱ ገደማ መገላበጡ ተራ ነገር ይመስላሉ፤ ከማሽኑ ጋር የሚመጣውን የሳንባ ምችና የአልጋ ቁስል የሚከላከሉት ግን እነርሱ ናቸው። ሳንባው በጣም ከተጎዳ በሆዱ ተገልብጦ በቀን ለ16 ሰዓት ያህል ሊተኛ ይችላል፤ ያን ጊዜ ፊቱ ቢያብጥ አትደንግጡ። ከቤት አጥሚት አምጡ ስትባሉ ቀጭንና በደንብ የተጠለለ ይሁን፤ በአፍንጫ የሚገባው የምግብ ቱቦ በእህል ቅንጣት ይደፈናል። በነርሷ እጅ ካልሆነም አይሰጥ።

ከማሽኑ ማላቀቅ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም። የሚያስተኛው መድኃኒት ይቀነሳል፤ ሕመምተኛው ሲነቃና ትእዛዝ ሲሰማ የማሽኑ እገዛ ዝቅ ተደርጎ ከ30 ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት በራሱ እንዲተነፍስ ይሞከራል። ላብ ካጠመቀው፣ ትንፋሽ ከቆረጠውና ልቡ ከተጣደፈ ሙከራው ይቆማል፤ በማግሥቱ እንደገና ይሞከራል። የሙከራው መውደቅ የሕመምተኛው መውደቅ አይደለም፤ ያልሠራ ድያፍራም በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚሳሳ ጉልበቱን ቀስ በቀስ ነው የሚመልሰው። ቱቦው በዕቅድ ከወጣላቸው ሕሙማንም ከ100 መካከል ከ10 እስከ 20 ለሚሆኑት በቀናት ውስጥ ተመልሶ ሊገባ ይችላል፤ ይህን ቀድሞ ያወቀ ቤተሰብ ቱቦው ሲመለስ ተስፋው አይሰበርም።

ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት አልፎ ማላቀቅ ካልተቻለ በአንገት ፊት ለፊት ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ አጭር ቱቦ እንዲገባ ሐኪሞች ሊጠይቁ ይችላሉ። «አንገቱን ሊቀዱት ነው» ተብሎ ፊርማ የሚከለከለው በዚህ ጊዜ ነው። የአንገቱ ቱቦ አፍን ነጻ ያወጣል፤ የሚያስተኛ መድኃኒት ይቀንሳል፤ ጽዳቱም ይቀላል፤ ሕመምተኛው ሲበረታ ሊወጣ ይችላል፤ ከወጣም በኋላ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ በራሱ ይዘጋል።

የማይሆንበትም ጊዜ አለ። ማሽኑ ደረትን እያነሣ ኩላሊቱ፣ ልቡና ደም ግፊቱ አንድ በአንድ ሲከዱ፣ ወይም አንጎሉ የማይመለስ ጉዳት ሲደርስበት፣ ሐኪሙ ቤተሰቡን ይጠራል። በእኛ አገር ክፉ ወሬ በቀስታ፣ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገረው፤ ልማዱን አከብራለሁ። የሚያሳዝነኝ ወደ ሐኪሙ የሚገፋው ፊደል የቆጠረው ወጣት ሆኖ፣ የሰማውን ለእናቱና ለታላላቆቹ ለመንገር አቅም አጥቶ ሸክሙን ብቻውን ሲይዘው ማየት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊወስን የሚችል ትልቅ ሰው ከወጣቱ ጋር አብሮ ይግባ። «ቤቱ ገብቶ ይለፍ» የሚለውም ሐሳብ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው፤ አስከሬን ይዞ ሩቅ ከመጓዝ ሕያው ይዞ መጓዝ ይሻላል የሚል ስሌት አለበት። ይህን አልኮንንም። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ በማሽኑ የሚተነፍስ ሰው ቱቦው ከወጣ መንገድ ላይ፣ ምናልባትም ከደጅ ሳይርቅ ሊያርፍ እንደሚችል አስቀድሞ ይታወቅ፤ ሕመምና ጭንቀት እንዳይሰማው የሚሰጥ መድኃኒት እንዳለም ይጠየቅ።

ድኖ የሚወጣው ሰው ደግሞ ወዲያው ቡና ይጠጣ ማለት አይደለም። ቱቦ ለቀናት የነበረበት ጉሮሮ መዋጥ ይረሳል፤ ነርሷ በማንኪያ ውኃ ሞክራ እስክትፈቅድ መታገሥ ነው። ሌሊት ሌሊት ሰዎች ሊገድሉት እንደመጡ፣ ግድግዳው እንደሚንቀሳቀስ ሊናገር ይችላል፤ ይህ ከባድ ሕመምና መድኃኒቱ የሚያመጡት የአእምሮ መቃዠት እንጂ ክፉ መንፈስ ያደረበት ምልክት አይደለም፤ በአብዛኛው በቀናት ውስጥ ይለቀዋል። ጡንቻው ስለሚከሳ ደረጃ መውጣት ለወራት ሊከብደው ይችላል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መራመድ አለበት። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ትንፋሽ ሲስብ የሚያፏጭ ድምፅ ከተሰማ ወይም በጥቂት ሥራ ማለክለክ ከጀመረ፣ ቱቦው በነበረበት ቦታ የአየር ቧንቧው ጠቦ ሊሆን ይችላልና፣ እንደ አስም ተቆጥሮ እንዳይታለፍ ለሚያየው ሐኪም «በመተንፈሻ ማሽን ላይ ነበረ» ብላችሁ ንገሩ፤ የመውጫ ወረቀቱንም ይዛችሁ ሂዱ።